ሜይደን ካስል፦ ስለ እንግሊዙ የኮረብታ ምሽግ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮረብታውን የረገጡትም ሆኑ ፎቶውን ብቻ ያዩት ሰዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሜይደን ካስል ምንድን ነው? የትስ ይገኛል?

ሜይደን ካስል በደቡብ እንግሊዝ፣ በዶርሴት አውራጃ፣ ከዶርቼስተር ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ የብረት ዘመን የኮረብታ ምሽግ ነው። ረዘም ያለ አንድ ኮረብታ ዙሪያውን በጉድባ እየተቆረጠ፣ ከጉድባው የወጣው አፈርም በቅጥር መልክ እየተከመረ፣ በተደራረበ አጥር ተከቧል። በቅጥሩ ውስጥ ያለው ሜዳ 19 ሄክታር ነው፤ ከ25 የእግር ኳስ ሜዳዎች በላይ ማለት ነው።

በብሪታንያና በአየርላንድ የኮረብታ ምሽግ ብርቅ አይደለም። በ2017 ይፋ በሆነው የጥናት መዝገብ ከ4,000 በላይ ተቆጥረዋል። ብዙዎቹ ግን አንድ ጉድባና አንድ ቅጥር ብቻ ያላቸው ትንንሾች ናቸው። ሜይደን ካስል በስፋቱም በአሠራሩ ውስብስብነትም ከፊተኞቹ ተርታ ይሰለፋል።

"ካስል" ከተባለ ግንቡ የት አለ?

ግንብ ኖሮት አያውቅም። የጎንደርን ዓይነት ነገር ጠብቆ የሄደ ሰው በጎች የሚግጡበት ሣርና ነፋስ ብቻ አግኝቶ ቅር ሊለው ይችላል። ምሽጉ የተሠራው በአፈር፣ በጠመኔ ድንጋይና በእንጨት ነው። እንጨቱ ከበሰበሰ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ይጠጋዋል፤ የቀረው የመሬቱ ቅርጽ ነው። ይህም ቢሆን የዋዛ አይደለም፤ ቅጥሩ አንዳንድ ቦታ ላይ ዛሬም ወደ 6 ሜትር ይቆማል።

አሁን ሁሉም አረንጓዴ ስለሆነ የቀድሞ መልኩን መገመት ያስቸግራል። ኮረብታው ከሥሩ ጠመኔ ነው። በጎች እየተመላለሱ ሣሩን በላጡበት ጥግ ነጩ አፈር ብቅ ብሎ ይታያል፤ ዱቄቱም ጫማ ላይ ይቀራል። ቅጥሩ ተከምሮ ባለቀ ሰሞን ኮረብታው ነጭ ቀለበት እንዳጠለቀ ከሩቅ ያበራ ነበር ማለት ነው። መጪውን ለማስፈራራት ግማሹን ሥራ የሠራው ይህ ንጣት ሳይሆን አይቀርም ብዬ አስባለሁ።

ስሙ ከምን መጣ?

"ሜይደን" በእንግሊዝኛ ልጃገረድ ወይም ድንግል ማለት ነው። አንደኛው ግምት "ያልተደፈረ" ለማለት የወጣ ስም ነው ይላል። ሌላው ግምት ከጥንቱ የብሪታንያ ኬልቶች ቋንቋ "ማይ ዱን"፣ ማለትም "ትልቅ ኮረብታ" ከሚለው የተወረሰ ነው ይላል። በዚህ ስም የሚጠሩ ሌሎች ጥንታዊ ቅጥሮችም በብሪታንያ ስላሉ፣ ስለ አንዲት የታገተች ልዕልት የሚተረት ነገር ከሰሙ በተረትነቱ ብቻ ይውሰዱት።

መጎብኘት ይቻላል? ክፍያ አለው?

በነፃ ነው። ጥበቃውን የያዘው ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ የተባለው የቅርስ ድርጅት ሲሆን፣ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ከሥር መኪና ማቆሚያ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በእግር ነው። ሻይ ቤት የለም፤ መጸዳጃ ቤትም የለም፤ ነፋሱ ግን አለ። በዝናብ ጊዜ ጠመኔው ስለሚያንሸራትት ጥሩ ጫማ ያድርጉ። ውሻ ይዞ መሄድ ይቻላል፤ በጎች ስላሉ ግን መታሰር አለበት። ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዞ መፈተሽ ያለ ፈቃድ በሕግ የሚያስጠይቅ ወንጀል ነው።

ከኮረብታው ሲወርዱ ወደ ዶርቼስተር ገብተው የዶርሴት ሙዚየምን ይዩ። በኮረብታው ላይ ከተደረገው ቁፋሮ የወጣው ነገር ያለው እዚያ ነው። በተለይ የብረት ጫፍ እንደተሰካበት የቀረው የአንድ ሰው አከርካሪ አለ፤ ስለ እሱ ወደ ታች እንመለሳለን።

ዕድሜው ስንት ነው?

ይህ ጥያቄ አንድ መልስ የለውም፤ ኮረብታው ላይ የተሠራው አንድ ነገር አይደለምና። የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች የአዲሱ የድንጋይ ዘመን ገበሬዎች ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 3600 ዓመት ገደማ በኮረብታው ምሥራቃዊ ክፍል መተላለፊያ እየተወ የሚቋረጥ ጉድባ ቆፍረው 8 ሄክታር ያህል ከለሉ። መኖሪያ ከመሆን ይልቅ መሰብሰቢያ፣ መገናኛና ሥርዓት መፈጸሚያ የነበረ ይመስላል። ቆየት ብሎ ደግሞ ከዚህ አጥር ላይ ተሻግሮ 546 ሜትር የሚረዝም ዝቅተኛ የአፈር ጉብታ ተከመረ። እንዲህ የረዘመ ጉብታ ለምን እንዳስፈለገ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ከዚያ በኋላ ኮረብታው ለብዙ ዘመን ከእርሻና ከግጦሽ ያለፈ ነገር አልታየበትም። የመጀመሪያው ምሽግ የመጣው ከክርስቶስ ልደት በፊት 600 ዓመት ገደማ ነው። አንድ ጉድባና አንድ ቅጥር ብቻ ነበረው፤ ስፋቱም 6.4 ሄክታር ነበር። ያረፈው ደግሞ ከዚያ ሦስት ሺህ ዓመት ቀደም ብለው የድንጋይ ዘመን ሰዎች በከለሉት በዚያው ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ነው። የድሮው ጉድባ በዚያን ጊዜም ረገብ ያለ ስምጥ ሆኖ ሳይታይ አይቀርም። ሰዎቹ አዲስ ቦታ አልመረጡም፤ የታወቀ ቦታ ወረሱ እንጂ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት 450 ዓመት ገደማ ቅጥሩ ወደ ምዕራብ ተዘርግቶ መላውን ኮረብታ ያዘ፤ 19 ሄክታር የሆነው ያኔ ነው። በቀጣዮቹ ዘመናት ዋናው ቅጥር ከፍ ተደረገ፤ ከውጭ በኩልም ተጨማሪ ጉድባና ቅጥር እየተደራረበ አሁን የምናየው ቅርጽ ወጣ። ስለዚህ "ምሽጉ መቼ ተሠራ?" ለሚለው ሐቀኛው መልስ "ሲሠራ ኖረ" የሚለው ነው።

ያለ ማሽን እንዴት ቆፈሩት?

የድንጋይ ዘመኖቹ ገበሬዎች በአጋዘን ቀንድ። የብረት ዘመኖቹ ብረት ነበራቸው፤ ቢሆንም ዋናው ኃይል የሰው ክንድና ቅርጫት ነው። የመጀመሪያው ምሽግ ሳይቀር ከጉድባው ወለል እስከ ቅጥሩ ጫፍ ከ8 ሜትር በላይ ይደርስ ነበር። ጠመኔ ለስላሳ ስለሆነ ለመቆፈር አያስቸግርም፤ የሚያደክመው ዳገቱን ተሸክሞ መውጣቱ ነው።

ይህን የሚያህል ሥራ አንድ መንደር ብቻውን አይወጣውም። ከአካባቢው ሁሉ ሰው ተጠራርቶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ በደቦ የሠራው መሆን አለበት። በጉልበት የተገደደ ይሁን በፈቃዱ የመጣ፣ አፈሩ አይናገርም።

ሰው ይኖርበት ነበር ወይስ ጠላት ሲመጣ ብቻ የሚገባበት ነበር?

ይኖርበት ነበር። ቁፋሮው ክብ የሆኑ፣ በእንጨት ቋሚ የተደገፉ ቤቶችን ዱካ አውጥቷል፤ ቅርጻቸው ጎጆ ቤት ለለመደ ዓይን እንግዳ አይሆንም። የቤቶቹ ብዛትና አሰላለፍ በዘመናት ውስጥ ተለዋውጧል፤ በአንድ ወቅት በመስመር ተደርድረው ጎዳና መሰል ነገር ሠርተው ነበር።

እኔን ከቤቶቹ ይበልጥ የሚገርመኝ የእህል ጉድጓዱ ነው። ጠመኔው ውስጥ ጠልቀው የተቆፈሩ ብዙ ጉድጓዶች አሉ። እህሉ ይገባና አፉ በጭቃ ይደፈናል። ዳር ላይ ያለው እህል ትንሽ ይበቅልና በውስጡ ያለውን አየር ይጨርሰዋል፤ የቀረው ደህና ሆኖ ይከርማል። በአገራችንም በሐረርጌና በሌሎች ቦታዎች ገበሬ እህሉን መሬት ውስጥ ስለሚያስቀምጥ፣ አንባቢ ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የእህል ጉድጓዱ ብዛት የሚነግረን ምሽጉ የጦረኛ ብቻ ሳይሆን የጎተራ ጠባቂም ቤት እንደነበረ ነው።

ነዋሪዎቹ እነማን ነበሩ?

በመጨረሻው ዘመን በአካባቢው የነበረው ሕዝብ ሮማውያን "ዱሮትሪጌስ" ብለው የሚጠሩት ነው። የራሱ ገንዘብና የራሱ የሸክላ ሥራ ነበረው፤ ሙታኑንም እንደ ብዙዎቹ ጎረቤቶቹ ከማቃጠል ይልቅ እግራቸውን አጥፎ በጎናቸው ይቀብር ነበር።

በ2025 መጀመሪያ የወጣ የዘረመል ጥናት ስለዚህ ሕዝብ ያልተጠበቀ ነገር ተናግሯል። የተጠናው በዚያው በዶርሴት የሚገኝ ሌላ የመቃብር ስፍራ ነው፤ ሜይደን ካስል አይደለም። ከ50 በላይ ሰዎች ተመርምረው አብዛኞቹ የተዛመዱት በእናት መስመር ሆኖ ተገኘ። ሴቷ በትውልድ ቀዬዋ ስትቀር፣ አግብቶ የሚመጣው ወንዱ ነበር ማለት ነው።

መግቢያው ለምን እንዲህ ተጠማዘዘ?

ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ቀጥ ብሎ እንዳይገባ ነው። በምሥራቅም በምዕራብም ያሉት መግቢያዎች እርስ በርስ የሚደራረቡ ቅጥሮች አሏቸው። በምዕራቡ በኩል ሲወጡ መንገዱ ወደ ጎን ይወስድዎታል፤ ደረስኩ ሲሉ ሌላ ቅጥር ከፊትዎ ይቆማል፤ ታጥፈው ሲሄዱ ከሁለቱም ጎን ከፍ ብሎ የሚያይዎ መሬት መካከል ገብተዋል። ዛሬ ከላይ የምታይዎ በግ ናት። ያኔ ወንጭፍ የያዘ ሰው ነበር።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በምሥራቁ መግቢያ አጠገብ ከ20 ሺህ በላይ የወንጭፍ ድንጋይ በአንድ ስፍራ ተከማችቶ ተገኝቷል። ድንጋዮቹ የኮረብታው አይደሉም። ከቼሲል የባሕር ዳርቻ ተለቅመው የመጡ፣ ውኃ ያለሰለሳቸው፣ በመጠን የተመረጡ ጠጠሮች ናቸው። ማሽላ ሲጠብቅ ማማ ላይ የዋለ ሰው ክብና ለስላሳ ድንጋይ ለወንጭፍ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ጠርዝ ያለው ከዒላማው ይስታል። እዚህ ግን ጠባቂዎቹ የሚጠብቁት ዝንጀሮ አልነበረም።

ከእኛ አምባ ጋር ይመሳሰላል?

በዓላማ ትንሽ፣ በአሠራር አይመሳሰልም። አምባን አምባ ያደረገው ገደሉ ነው፤ መቅደላን የመሰለ ተራራ ላይ ሰው የሚሠራው በሩን ብቻ ነው። የሜይደን ካስል ኮረብታ ግን ለስላሳ ዳገት ነው፤ ገደሉን የሠራው ሰው ራሱ ነው። ከአገራችን የሚቀርበው የኮንሶ ከተሞች አሠራር ይመስለኛል፤ እዚያም ኮረብታን በተደራረበ የድንጋይ ካብ ይከባሉ። ኮንሶ ግን ሰው ዛሬም ይኖርበታል። በሁለቱ መካከል የታሪክ ግንኙነት የለም፤ ተመሳሳይ ችግር ተመሳሳይ መላ ወለደ እንጂ።

ሮማውያን እዚህ ሕዝብ ጨፍጭፈዋል የሚባለው እውነት ነው?

በብዛት የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ለረጅም ጊዜ በስፋት የተነገረው መልስም "አዎ" የሚል ነበር። ታሪኩን የጻፈው ከ1934 እስከ 1937 ቁፋሮውን የመራው ሞርቲመር ዊለር ነው፤ ባለቤቱ ቴሳ ዊለርም በ1936 እስክትሞት ድረስ አብራው መርታለች። በምሥራቁ በር ብዙ መቃብሮች ተገኙ። አንዳንዱ ራስ ቅል በሰይፍ ተመትቷል፤ ቀደም ብዬ ባነሣሁት አከርካሪ ላይ ደግሞ የብረት ጫፍ ተሰክቷል። ዊለር እነዚህን አየና አንድ ቀን ፈጠረላቸው። በ43 ዓ.ም. ሮማውያን ብሪታንያን ሲወሩ በቬስፓስያን የሚመራው ሁለተኛው ሌጌዎን በሩን ሰብሮ ገባ፤ ወንድ ሴት ሳይለይ ፈጀ፤ የተረፉት በጨለማ ወገናቸውን በጥድፊያ ቀበሩ። ቬስፓስያን ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆነው፣ ኢየሩሳሌምን ያፈረሰው የጥጦስ አባት ነው። የሮማው ጸሐፊ ስዌቶኒየስ ይህ ሰው በብሪታንያ 30 ጊዜ ተዋግቶ ከ20 በላይ ምሽግ እንደያዘ ጽፏል። ሜይደን ካስልን ግን በስም አልጠራውም። ስሙን የጨመረው ዊለር ነው።

ችግሩ ማስረጃው ሲፈተሽ ይላላል። ከ52ቱ አጽሞች በኃይል የመሞት ምልክት የተገኘው በ14ቱ ላይ ነው። ሟቾቹ እንደ ነገሩ አልተጣሉም፤ በአካባቢው ወግ፣ አንዳንዶቹም የሸክላ ዕቃና ሥጋ ተደርጎላቸው ተቀብረዋል። በጨለማ የሚቀብር፣ ጠላት ያለበት ሰው ለሙት ስንቅ አያዘጋጅም። ዊለር የተቃጠለ መንደር አድርጎ የወሰደው አመድና ከሰልም፣ በ1985 እና በ1986 አርኪዮሎጂስቱ ኒል ሻርፕልስ በመራው ቁፋሮ ሲታይ፣ በበሩ አጠገብ ይካሄድ ከነበረ የብረት ሥራ ጋር ይበልጥ የሚሄድ ሆነ።

የመጨረሻው ምት የመጣው በ2025 ነው። የቦርንማውዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአጽሞቹን ዕድሜ ራዲዮካርቦን በተባለው የመለኪያ ዘዴ ለኩ። ሰዎቹ በአንድ ቀን አልሞቱም። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከነበረው የመጨረሻው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አንሥቶ እስከ አንደኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በበርካታ ትውልዶች መካከል፣ በየጊዜው በተነሣ ግጭት የሞቱ ናቸው። ሮማውያን ሳይመጡ ማለት ነው። ገዳዮቹ የዚያው አገር ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ በአከርካሪው ውስጥ ያለው ብረትም ከሮማ የጦር መሣሪያ ይልቅ የአገሬው ጦር ጫፍ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ዊለር አጭበርባሪ ነበር?

አልነበረም። የቁፋሮውን ቦታ በአራት ማዕዘን ከፋፍሎ፣ በመካከል ያልተቆፈረ ግድግዳ እየተወ፣ የአፈሩን ንብብር የሚያነብበት ዘዴው ለሙያው ትልቅ ትምህርት ሆኗል። የዛሬዎቹ ተመራማሪዎች ሊያርሙት የቻሉትም እሱ በጥንቃቄ ስለመዘገበና አጽሞቹ ስለተጠበቁ ነው። ራዲዮካርቦን በእሱ ጊዜ አልነበረም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመድፍ መኮንን የነበረ ሰው፣ የቁፋሮውን ዘገባ ያሳተመው ደግሞ በ1943፣ አገሩ በሌላ የዓለም ጦርነት ውስጥ ሳለች ነው። ስለ ወረራ ያየው ይህ ሁሉ በዓይኑ ውስጥ እያለ ነው።

በደሉ ሌላ ነው፤ ሲጽፍ እጅግ አሳምሮ ጻፈ። ያማረ ታሪክ ደግሞ እርማት ቶሎ አይቀበልም። የእሱን ትረካ ለጥርጣሬ የሚያበቃ ነገር ለአርባ ዓመት ያህል በሰፊው አልተሰማም፤ ዛሬም ጎብኚ ከኮረብታው ሲወርድ ይዞት የሚሄደው ያንን ጭፍጨፋ ነው። ሌላም ስሕተት አለበት። በረጅሙ ጉብታ ውስጥ ተቆራርጦ ያገኘውን የአንድ ሰው አጽም የድንጋይ ዘመን መሥዋዕት አድርጎ ተርጉሞት ነበር። በኋላ ሲለካ ሰውዬው 635 ዓ.ም. ገደማ፣ ከሮማውያን በኋላ በመጣው የሳክሶን ዘመን የሞተ ሰው ሆኖ ተገኘ። ስሕተቱ የብዙ ሺህ ዓመት ነው።

ከምሽግነቱ በኋላ ምን ሆነ?

ሮማውያን በ70 ዓ.ም. ገደማ ከሥር ሜዳው ላይ ዱርኖቫሪያ የተባለች ከተማ መሠረቱ፤ የዛሬዋ ዶርቼስተር ናት። ሕይወቱ ወደዚያ ወረደ። በአራተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ክርስትና በግዛቱ ሁሉ እየሰፋ ሳለ፣ ኮረብታው ላይ አራት ማዕዘን ቤተ ጣዖት ተሠራ። መሠረቱ ዛሬም በሣሩ መካከል ይታያል። ከዚያ በኋላ በጎቹ ናቸው።

በመጨረሻ፣ እውነት ምሽግ ነበር ወይስ ለታይታ የተሠራ?

ባለሙያዎችን የሚከፋፍለው ይህ ነው። ከዊለር በኋላ የመጡ ብዙዎች ጦርነቱን አሳንሰው ክብሩን አጎልተው ማየት መረጡ። ለዚህም ምክንያት አላቸው። 19 ሄክታር የሚከብ ቅጥር ቢያንስ ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ዙሪያውን ሁሉ ለመጠበቅ ነዋሪው በሙሉ ወጥቶ ቢቆም እንኳ ላይበቃ ይችላል። በዚያ ላይ የቅጥሩ ብዛት ለመከላከያ ከሚያስፈልገው ያልፋል። ሥራው ራሱ፣ ሰውን ሰብስቦ ኮረብታን መቅረጽ መቻሉ፣ ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነበር።

የ2025ቱ ጥናት ግን ነገሩን መልሶ አወሳሰበው። ሮማውያንን ከበሩ ያባረረው ልኬት፣ በእነሱ ፈንታ ለትውልድ የዘለቀ የእርስ በርስ ደም አስገባ። ይህ ደም የፈሰሰው ግን ምሽጉ ብርቱ በነበረበት ዘመን አይደለም። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ሰው ከውስጥ ወጥቷል፤ የቀረው ኑሮ ወደ ምሥራቁ ጫፍ ተጠግቷል። 20 ሺህ የወንጭፍ ድንጋይ በተከማቸበት በር፣ ሟቾቹ የተቀበሩት ከበሩ ውጭ ነው።